ሌላ የሚገለጽ ነገር ካለ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በኮሌጁ አዳራሽ ጋቢ ደረቡልኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ። የሰው ኃይል ኃላፊው ማይኩን ይዞ፣ «እማማ እልፍነሽ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ቅሬታ አቅርበው አያውቁም» አለ። እውነቱን ነው፤ አላቀረብኩም። ቅናት ግን በማመልከቻ የሚቀርብ ቢሆን ኖሮ የእኔ ማህደር ለብቻው አንድ ሸልፍ ይይዝ ነበር።

እስቲ እሱን ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ኮምፒውተርም ነው የምጽፈው። ለእኔ ሁለቱ ተነጣጥለው አያውቁም።

መቅናት የጀመርኩት ማጂ ነው። አባቴ ታላቅ ወንድሜን ትምህርት ቤት አስገባና እኔን «ለሴት ምን ያደርግላታል» ብሎ አስቀረኝ። ወንድሜ ሲመለስ ደብተሩን ተቀብዬ አሸተው ነበር። ማንበቡን ባላውቅ ማሽተቱን ማን ይከለክለኛል? ከማጂ በትዳር ሸዋ ቤንች ሄድኩ። ባሌ ሲሞት ጌጫ አክስቴ ዘንድ ከረምኩ። ከጌጫ ደግሞ ልጆቼን ይዤ ቴፒ ቡና እርሻ ገባሁ። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ነበር፤ አክስቴ «አንቺን መሬት አይወድሽም» ትለኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።

ፊደል የቆጠርኩት እርሻው ውስጥ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት፣ የቡና መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፍን። አስተማሪያችን የምስክር ወረቀት ልሰጣችሁ ነው ባለበት ሰሞን መንግሥት ተለወጠ። እሱም ሄደ፣ ወረቀቱም በዚያው ቀረ። ያኔ አላዘንኩም። ወረቀት ምን እንደሆነ የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

የእርሻውን ጄኔሬተር የሚይዙት ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኪሳቸው በብሎን የተሞላ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ሚዛን ያለው ኮሌጅ ለኤሌክትሪክ ሥራ ወሰዳቸው። ዓመት ሳይሞላ «ጨርቅ አያያዝ የምታውቅ ሴት አለች» ብለው እኔንም አስቀጠሩኝ። ጨርቅ አያያዝ ያሉት ቀልዳቸውን አይደለም። ለጽዳት ሁለት ጨርቅ እይዛለሁ፣ አንድ እርጥብ አንድ ደረቅ፤ እርጥቡ የነካውን ደረቁ ሳይነካው አላልፍም። ይህን የጄኔሬተራቸውን ቤት ሳጸዳ አይተውታል።

መጀመሪያ ኮሌጁ የነበረው አንድ ኮምፒውተር ነው፣ ዲኑ ቢሮ ውስጥ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ፤ ሙሽራ ይመስል ነበር። ኋላ ሚሌኒየሙ ሲቃረብ አንድ ክፍል ሙሉ መጣ። ሃያ አራት። ዲኑ «ክፍሉን ማን ያጽዳው?» ሲሉ ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ ጠቆሙ። ቁልፉን አንገቴ ላይ በክር አንጠለጠልኩ።

የሚዛንን እርጥበት ለማያውቅ ሰው ልንገረው። የእኛ አገር ዝናብ ክረምት በጋ ብሎ አይመርጥም። ግድግዳ ያልበዋል፣ ጫማ አልጋ ሥር በሳምንት ይሻግታል። ጉንዳኑ ደግሞ ሙቀት ሲፈልግ ሲፒዩ ውስጥ ጎጆ ይሠራል። አዲስ አበባ ሆኖ ኮምፒውተር የሚልክ ሰው የዚህን መላ አብሮ አይልክም፤ መላውን ያገኘነው እኛው ነን።

ጋሽ ተክሌ ክፍል ዘው ብለው አይገቡም። በሩን ይከፍቱና ደፉ ላይ ቆመው ያሸታሉ። ከዚያ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ በየሲፒዩው ጎን ያስነካሉ።

«ለምን በጀርባው?» አልኳቸው።

«ኤሌክትሪክ ካለበት፣ በመዳፍ የነካሽ እንደሆነ እጅሽ ይጨብጠዋል። በጀርባው ከሆነ ይሸሻል። የማይጨብጥ እጅ ይዘሽ ግቢ።»

«ተበላሸ» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። «ምን አግኝቶት ነው?» ይላሉ፣ ስለ ታመመ ሰው እንደሚጠይቁ። ሲዲና ፍሎፒ የሚቀመጥበት ቁምሳጥን ውስጥ አንድ አምፖል ሌት ተቀን ያበሩ ነበር፤ ሙቀቱ ሻጋታ እንዳይዝ። አንድ አዲስ አስተዳዳሪ መብራት ያባክናል ብሎ አስጠፋው። በሁለት ሳምንት ሲዲው ሁሉ ነጭ ጉም ለበሰ። አስተዳዳሪው ራሱ አምፖል ገዝቶ መጣ።

ደግሞ ላጲሱ አለ። ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ሆዱን ይከፍቱና ሚሞሪ የምትባለውን ቁራጭ ያወጣሉ። ጠርዟ ላይ የወርቅ ጥርስ የመሰለ አላት፤ በእርጥበት ይደበዝዛል። እሱን በላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። አንድ ቀን ላጲሱን ሰጡኝና «እጅሽ ከእጄ ይለዝባል» አሉ። እኔ ላጲስ በእጄ የያዝኩት ያን ዕለት ነው። ወንድሜ ማጂ የነበረውን፣ ጫፉ ቀይ የሆነውን ላጲስ አስታወስኩ። እናም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያለቀስኩት በደስታ ብቻ አይደለም።

ጋሽ ተክሌን ሰው ሁሉ የሚስቅባቸው በቅጽ አሞላላቸው ነበር። የርክክብ ቅጽ መጨረሻው ላይ «ሌላ የሚገለጽ ነገር ካለ» የሚል መስመር አለው። ሰው ሁሉ እዚያ ሰረዝ ነው የሚያደርገው፤ ባዶ ከተተወ ኋላ ይጨመርበታል ብሎ ንብረት ክፍል አይቀበልም። እሳቸው ግን ሰረዝ አድርገው አያውቁም። አንዲት ማራገቢያ ሲያስረክቡ «ስትነሳ ትንሽ ታጉረመርማለች፣ አትደንግጡ» ብለው ጽፈዋል። ጡረታ ወጥተው ወደ ቴፒ ሲመለሱ የኮምፒውተሩን ክፍል ለእኔ አስረከቡ። በዚያ መስመር ላይ «ስለ ጣሪያው እልፍነሽ ታውቃለች» ብለው ጻፉ።

ጣሪያው እንዲህ ነው። የክፍሉ ጣሪያ ከአዲሱ ሕንፃ ጋር የሚገጥምበት ቦታ አሸንዳ አለ። ተራ ዝናብ አያስቸግርም። ነፋሱ ከቴፒ በኩል የተነሳ እንደሆነ ግን ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና የኋላው ረድፍ ላይ ይወርዳል፣ ስድስቱ ላይ። ለጥገና ክፍል ብዙ ጊዜ ነገርኩ። አንዴ ቅጥራን ቀቡት፤ ቅጥራኑም ተላጠ። ስለዚህ ዝናብ ባለበት ወር ሁሉ ሥራ ሲያልቅ ስድስቱን ነቅዬ፣ ጠረጴዛውን ወደ መሐል ስቤ፣ ላስቲክ አልብሼ እወጣለሁ። ጠዋት ከሁሉ በፊት ገብቼ እመልሳለሁ። ይህን ስለማደርግ ሰው ሁሉ ክፍሉ አያፈስም ብሎ ያምን ነበር።

ያ የርክክብ ወረቀት ለእኔ ምን እንደነበር ላስረዳ። የግል ማህደሬ ላይ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ አለ። በሕይወቴ በመንግሥት ወረቀት ላይ «ታውቃለች» ተብዬ የተጻፍኩት በጋሽ ተክሌ እጅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አስካለ ልምጣ። አስካለ የጌጫ ልጅ ናት፤ እንደ እኔ የጽዳት ሠራተኛ፣ ዕድሜዋ ግን ከመጀመሪያ ልጄ ጋር እኩል። አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። ቢሮዎቹን ታጸዳለች፣ ሳቂታ ናት፣ ሰው ይወዳታል። እኔም እወዳት ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

ያን ጊዜ አቅም ግንባታ የማይባልበት ስብሰባ አልነበረም። አንድ ቀን የአይሲቲ ኃላፊው አቶ ደረጀ፣ ገና ወጣት ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወፍራም ሰነድ ይዞ አዳራሽ ሰበሰበን። የቴክኖሎጂ ፖሊሲ ነው አለ። «በኮሌጁ የሚገኝ ማንኛውም ሠራተኛ ሥልጠና አግኝቶ የኮምፒውተር ተጠቃሚ ይሆናል» ብሎ አነበበ። እጄን አወጣሁ።

«ማንኛውም ሲባል የጽዳት ሠራተኛም ጭምር ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። አንዱ ከኋላ «እማማ ኢሜይል ሊልኩ ነው!» አለ።

አቶ ደረጀ አልሳቀም። «እማማ፣ ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው» አለኝ።

ከዚያ ስወጣ በቀጥታ ሱቅ ሄጄ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ። አሸተትኩት። እንደ ወንድሜ ደብተር ይሸታል።

የሠልጣኞች ስም ሲለጠፍ ከጽዳት ሠራተኞች አንድ ስም ብቻ ነበር፦ አስካለ። ከሥሩ «ከስምንተኛ ክፍል በላይ የምስክር ወረቀት ያላቸው» ይላል። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ማንበብ በመቻሌ የተቆጨሁት ያን ዕለት ነው።

አስካለ ጅማ ሄዳ ሦስት ሳምንት ሠልጥና መጣች። ሻሽ አመጣችልኝ፣ አበባ ያለው። «እትዬ፣ ሳየው አንቺ ላይ ያምራል ብዬ ነው» አለች። ተቀብዬ ሳጥኔ ታች ከተትኩት፤ እስካሁን አለ፣ አላሰርኩትም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠችና ጻፈች። በአሥር ጣት ነው የምትጽፈው። ጣቶቿን ሳታይ። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፣ አፏ ከእኔ ጋር እያወራ፣ ጣቶቿ ደግሞ በራሳቸው ይሮጣሉ። እኔ እነዚያን ቁልፎች አንድ በአንድ በጥጥ እየወለወልኩ ስንት ዓመት! የቱ ቁልፍ እንደሚነክስ፣ የቱ እንደሚለጠፍ አውቃለሁ። እሷ አታያቸውም እንኳ።

ድልድል ሲመጣ «የኮምፒውተር ክፍል ረዳት» የሚል መደብ ተፈጠረ። ለእሱም ወረቀት ይጠየቃል። ለአስካለ ሰጧት። እኔን የቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ መደቡኝ።

ርክክቡ የካቲት ላይ ነበር፣ ፀሐዩ ደህና በሆነበት። ሃያ አራቱን ቆጠርን፣ መጋረጃውን ቆጠርን፣ አምፖሉን ቆጠርን። መጨረሻው መስመር ላይ ስንደርስ አስካለ እስክሪብቶውን ለእኔ ዘረጋች።

«እትዬ እልፌ፣ ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ሥልጠና ወስደሽ የለ?» አልኳት።

ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሰረዝ አደረግሁ። ረጅም ሰረዝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት፤ ክሩን ግን አስቀረሁት።

ዝናቡ ሳይመጣ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ብዬ ነበር። ጠዋት በኮሪደሩ ሳልፍ ልነግራት እቆማለሁ፤ እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ተማሪዎች ከበዋት «አስኩዬ፣ ፕሪንተሩ!» ሲሉ እሰማና ዛሬማ አይሆንም እላለሁ። እንዲህ እያልኩ መጋቢት አለፈ።

ሚያዝያ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚዛን ገበያ ጎደሬ ገዝቼ ስመለስ ሙዙ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎነበሰ። ነፋሱ ከቴፒ በኩል ነው። ሱቅ ጥግ ተጠለልኩ። ዝናቡ ወረደ። ኮሌጁ ቅርብ ነው፤ የአስካለ ቤትም ቅርብ ነው። በልቤ ግን «ቁልፉ እሷ ጋ ነው፤ ትወቅበት» አልኩ። ጎደሬዬን አቅፌ ዝናቡን አየሁ። እሑድም ዘነበ።

ሰኞ ጠዋት የአስካለን ጩኸት ከኮሪደሩ ሰማሁ። ስድስቱ ኮምፒውተሮች እንዳሉ ርሰዋል፤ ስክሪናቸው ውስጥ ውኃው እንደ ውኃ ልክ ይታያል። እውነቱን ልጻፍ ብያለሁና ልጻፍ፦ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ አንዲት የግብርና ተመራቂ ገባች። የማዕዘኑ ኮምፒውተር ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እዚህ ውስጥ ያለው አራት ወር ሙሉ ቴፒ ከቡና ዛፍ ቡና ዛፍ እየዞርኩ የቆጠርኩት ነው። ፍላሽ አልነበረኝም» አለች። አታለቅስም። ያ ደስታዬ እዚያው ቀረ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሰብሳቢው አቶ ደረጀ። በግቢው የሚወራው አስካለ በቸልተኝነት ትሰናበታለች ነው። ሁለት ትናንሽ ልጆች አሏት፣ ባሏ የለም። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ሚኒባስ ይዤ ቴፒ ጋሽ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ ፈትተው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የገበያውንም ጭምር።

ቀና አላሉም። «እዚያ መስመር ላይ ምን ጻፍሽ?»

«ሰረዝ።»

ብሎን አጠበቁ። ከዚያ «እኔ ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት?» አሉ።

መልሱን ያውቁታል።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አስካለ ጥግ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ አብጧል። የጣሪያውን ነገር፣ የላስቲኩን ነገር ተናገርኩ። አቶ ደረጀ ቅጹን አገላበጠ።

«እማማ፣ ርክክቡ ላይ ሰረዝ ነው ያለው። እርስዎ ኃላፊነት የለብዎትም። ለምን ራስዎን ያስጠይቃሉ?»

«የበፊቱን አስመጡ» አልኩ። «ጋሽ ተክሌ ያስረከቡኝን።»

ከንብረት ክፍል አቧራ የለበሰ ማህደር መጣ። አቶ ደረጀ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ስለ ጣሪያው እልፍነሽ ታውቃለች።»

ያቺ የምኮራባት ወረቀቴ፣ ያቺ አንዲቷ፣ ስለ ቅናቴ መሰከረች።

«አውቅ ነበር። ሆን ብዬ ነው» አልኩ። «ይህንንም ጻፉት፣ እፈርማለሁ።» ፈረምኩ፤ በጣት አይደለም፣ በፊደል።

አስካለ ከወንበሯ ተነሳች። «እትዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። እውነት ነው። ምንም አላደረገችኝም።

እሷን ሥራዋ ላይ ተዉአት። እኔን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ማህደሬ ላይ አለ። ጋሽ ተክሌ ሳይጠሩ ከቴፒ መጡ። ሦስታችን፣ እሳቸው፣ እኔና አስካለ፣ የስድስቱን ሆድ ከፍተን፣ ዕቃውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረግን፣ በአምፖሉ ቁምሳጥን ውስጥ ደረደርነው። አስካለ እኔን ስትፈልግ «ላጲሱን ታቀብለኝ ይበሏት» ብላ በጋሽ ተክሌ በኩል ነው የምታስነግረኝ። ከስድስቱ አራቱ ተነሱ። የማዕዘኑ አልተነሳም። ያቺ ልጅ ሳትመረቅ ዓመት ጠበቀች፤ ቡናውን እንደገና ቆጠረች። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ እማማ» ብላ አለፈችኝ። እሺ ማለት ይቅርታ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክረምቱ ሲገባ አስካለ ኮሪደሬ ድረስ መጣች፣ ላስቲኩን ይዛ። «እንዴት ነው የምታለብሺው? እኔ ሳደርገው መሐሉ ውኃ ይቋጥራል» አለች። አሳየኋት፤ ወንበር ከሥሩ ይደረጋል፣ እንደ ድንኳን። እሷም በተራዋ «ታይፕ ላስተምርሽ፣ ከሥራ በኋላ» አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። ከእሷ መማሩን አልቻልኩትም። ይህንንም በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው፣ በዚያች በባለ ሃምሳ ሉኳ ደብተር።

እንግዲህ ጡረታዬ ደረሰና የመጨረሻ ርክክብ ሆነ። ኮሪደር ምን ይረከቡታል? መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ ሁለት ጨርቅ። አስካለ በዚያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ሆናለች፤ ቅጹን በኮምፒውተር ራሷ ሞላችው። የአስረካቢ «የትምህርት ደረጃ» ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፣ አየችኝ።

«ሰረዝ አድርጊ» አልኳት። «እዚህኛው ላይ ሰረዙ እውነት ነው።»

አደረገች። ከዚያ የመጨረሻው መስመር መጣ።

«እዚህ ሰረዝ አላደርግም፣ እትዬ» አለች። «ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ስለ አሸንዳው፣ ስለ ጉንዳኑ ወር፣ ስለ አምፖሉ፣ ሦስተኛው ሶኬት እንደሚላላ፣ የቤተ መጻሕፍቱ በር በእርጥበት ሲያብጥ ከታች በጉልበት ገፋ እንደሚደረግ። መስመሩ ሞላ፣ ገጹ ሞላ፣ ሁለተኛው ገጽ ተጀመረ። እሷ ትጽፋለች። ስደክም ውኃ አቀበለችኝ፤ ቀጠልኩ። ሲያልቅብኝ እሷ አንድ መስመር በራሷ ጨመረች። አጎንብሼ አነበብኩት፦ «ስለ ቀረው ነገር እልፍነሽ ታውቃለች። ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው።»

ይህን ስትጽፍ እኔን ነበር የምታየው። እኔ ጣቶቿን ነበር የማየው።